ሳይቃጠል በቅጠል

በ1880 ዓ.ም. ደስታ የሚባል የከብት በሽታ አገራችን ገባ። ስሙ ደስታ፣ ሥራው ግን ሐዘን ነበር። የጣልያን ጦር በምጽዋ በኩል ካስገባቸው ከብቶች ጋር መጣ ይባላል። በሬ አለቀ፤ እርሻ ቆመ። ሕዝብ ተራበ። አፄ ምኒልክ እንኳ ዶማ ይዘው ቆፈሩ ይባላል። ዘመኑ «ክፉ ቀን» ተባለ።

ዛሬ ደስታ የለም። በ2003 ዓ.ም. ከዓለም ላይ መጥፋቱ ታወጀ። እንዴት ጠፋ? አምራቹ ክትባቱን ሠራ። መንግሥት ከታቢ ላከ። አርቢው ከብቱን አወጣ። ሦስቱ ተባበሩ።

ደስታ መሰል የሚባለው በሽታ ግን አሁንም በግና ፍየል ይፈጃል። የታመመው ዓይኑና አፍንጫው ይፈሳል፤ ያስቀምጠዋል። ክትባቱ ቢሾፍቱ ይሠራል። ግን በአንድ ቀን ተሠርቶ፣ በአንድ ቀን አይደርስም። ሙቀትም ያበላሸዋል። ስለዚህ አምራቹ አስቀድሞ ይሥራ። መንግሥትም በቀዝቃዛ ዕቃ አስቀምጦ በጊዜው ያድርስ።

የእኛ ድርሻስ? በክትባት ቀን አንቅር። የታመመውን ለይተን እንሰር፤ ገበያ አንንዳው። ለእንስሳት ሐኪም ዛሬውኑ እንንገር። ነገ ካልን መንጋው ያልቃል።