ትልቅ ጎማ በምቾት አውቶሞቢል ላይ ስለ መግጠም

ክረምት በገባ ቍጥር በዋልካ አገር የሚሠራ ሹምም ሆነ ባለ እርሻ አንድ ዓይነት ችግር ያገኘዋል። በብዙ ገንዘብ የተገዛው፥ በአራቱም እግሩ የሚስበው አውቶሞቢል በአስፋልት ላይ ያለ ድካም ሲሮጥ ሰንብቶ፥ ከዋናው መንገድ ጥቂት እንደ ወጣ በጭቃ ተይዞ ይቆማል፤ ገበሬዎችም ከሥራቸው ተጠርተው በሬ ጠምደው ያወጡታል። ባለቤቱ በዚያው ሳምንት ወደ ከተማ ሲመለስ ወደ ጎሚስታ ይሄድና ከፋብሪካው ከመጣው የሚበልጥ፥ ጥርሱም የጐላ ጎማ እንዲገጠምለት ያዝዛል። ጎሚስታውም አይከለክለውም፤ ሥራው ጎማ መሸጥ ነውና።

ይህ አሳብ ፈጽሞ የተሳሳተ ነው አይባልም፤ በልክ ሲሆን ይረዳል። ነገር ግን ጎማ እንደ ጫማ ባለቀ ጊዜ የሚለወጥ ዕቃ ብቻ አይደለም። ከሞተሩ የሚወጣው ኀይል በካምቢዮና በዲፈረንሻል አልፎ መሬት የሚደርስበት የመጨረሻው ክፍል ስለ ሆነ፥ እርሱን ያተለቀ ሰው ሳያውቀው ማርሹንም፥ ፍሬኑንም፥ የኪሎ ሜትር ቈጣሪውንም ለውጧል።

ለዚህ ነገር መልካም ማስረጃ የሚሆነው በእንግሊዝ አገር የተሠራው ሬንጅ ሮቨር የሚባለው አውቶሞቢል ያገኘው ፈተና ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ሬንጅ ሮቨር በ1970 ዓመት ለገበያ ሲወጣ ስምንት ሲሊንደር ያለው የሦስት ሊትር ተኩል ሞተርና ዘወትር አራቱንም መንኰራኵሮች የሚያሽከረክር ማርሽ ነበረው፤ አካሉም በባላስትራ ፈንታ በጥምዝ ሞላ ላይ የተቀመጠ ነበር። በከተማ ለክብር የሚመች፥ በገጠር ደግሞ ሥራ የሚችል እንዲሆን ታስቦ የተሠራ ነው። በታኅሣሥ ወር 1971 ዓመት ሁለት ሬንጅ ሮቨሮች ከሰሜን አሜሪካ ጫፍ ከአላስካ ተነሥተው እስከ ደቡብ አሜሪካ ጫፍ ለመድረስ ጕዞ ዠመሩ። የጕዞው አለቃ የእንግሊዝ ጦር መኰንን ጆን ብላሽፎርድ ስኔል ነበር። ይህ መኰንን ለኢትዮጵያ እንግዳ አልነበረም፤ በ1968 ዓመት በንጉሠ ነገሥቱ በቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ግብዣ መጥቶ ከጓዶቹ ጋር የዓባይን ሸለቆ በጀልባ የመረመረው እርሱ ነው።

ከፓናማ ወደ ኮሎምቢያ በሚወስደው ዘንድ ዳሪየን የሚባል ደንና ረግረግ የሞላበት፥ መንገድ የሌለው ምድር አለ። ተጓዦቹ ረግረጉን ያሻግረናል ሲሉ ለመኪናዎቹ ለጭቃ የተሠራ ትልልቅ ጎማ ገጥመውላቸው ነበር፤ በላያቸውም ብዙ ዕቃ፥ ገደል መሻገሪያ የሚሆን የአሉሚኒዮም መሰላልም ጭምር ተጭኖባቸዋል። ወደ ደኑ እንደ ገቡ ግን ያሰናከላቸው ጭቃው ብቻ አልነበረም። ዲፈረንሻሎቹ ይሰበሩ ዠመር። ሰባራው ተለውጦ ጥቂት መንገድ እንደ ተሄደ ሌላው ይሰበራል። ምክንያቱም ከልክ ያለፈው ጭነትና ትልልቁ ጎማ ተባብረው ያመጡት ጫና ነበር፤ ከፋብሪካውም ዐዋቂ ሰውና መለዋወጫ ዕቃ እስኪደርስላቸው ድረስ ጕዞው ቆመ። በዚህ መካከል መንገድ የሚቀድድላቸው ያረጀና ቀላል የሆነ ላንድ ሮቨር እዚያው ፓናማ ገዝተው ከፊት አስቀደሙት። ያን ምድር ለመሻገር መቶ ቀን ያህል ፈጀባቸው፤ ወደ ደቡቡ ጫፍ የደረሱትም በሰኔ ወር 1972 ዓመት ነው።

የዲፈረንሻሉ መሰበር ምስጢር አይደለም። የመንኰራኵር ጠርዝ ከመካከሉ በራቀ መጠን መሬቱ በዘንጉ ላይ የሚያሳርፈው የመጠምዘዝ ኀይል ይበዛል። እጀታው የረዘመ ቍልፍ የጠበቀውን ብሎን እንደሚፈታ፥ ትልቅ ጎማም ዘንጉን የሚያስጨንቀው በርዝመቱ ነው። ከዚህም የባሰው ድንገተኛው ምት ነው። ከባዱ ጎማ በጭቃ ላይ በከንቱ ሲሽከረከር ይቆይና ድንጋይ ወይም ሥር ባገኘ ጊዜ በአንድ ቅጽበት ይያዛል፤ በመሽከርከር የሰበሰበው ኀይል ሁሉ ያን ጊዜ በዲፈረንሻሉ ጥርስና በግማሽ ዘንጉ ላይ ያርፋል። ስለዚህ በተያዘ መኪና ላይ ቤንዚን እየረገጠ ሞተሩን የሚያስጮኽ ሾፌር ብርቱ ሠራተኛ ይመስላል እንጂ ዲፈረንሻል ሰባሪ ነው።

አሁን ነገሩን በቍጥር ማየት ይገባል። በአገራችን በብዛት ከሚታዩት አንዱ በ2007 ዓመት ለገበያ የቀረበው ላንድ ክሩዘር 200 ነው። ከፋብሪካው ከሚመጡለት ጎማዎች አንዱ 285/60 አር 18 የሚል ጽሕፈት አለበት። 285 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ 60 የሚለው የጎማው ግድግዳ ቁመት ከስፋቱ ከመቶ 60 እጅ መሆኑን ያሳያል፤ 18 ደግሞ የቸርኬው ልክ በኢንች ነው። ሲደመር ጠቅላላ ቁመቱ 799 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በዚህ ፈንታ 295/70 አር 18 ቢገጠም ቁመቱ 870 ሚሊ ሜትር ነው። ባለቤቱ 71 ሚሊ ሜትር ጨመርሁ ብሎ ይደሰታል፤ ነገር ግን ከመኪናው ሆድ በታች የሚያገኘው ክፍተት የዚህ እኩሌታ፥ ሦስት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው፤ ሌላው እኩሌታ ወደ ላይ ወጥቶ ከፓራፋንጎው ሥር ይገባል።

በዚህ ለውጥ የጎማው ልክ ከመቶ 9 ያህል ጨምሯል። ስለዚህ ቈጣሪው ቀድሞ እውነተኛ የነበረ እንደ ሆነ፥ 100 ሲያሳይ መኪናው በእውነት የሚሮጠው 109 ነው። ሞተሩ የሚሰጠው ጕልበት ሳይለወጥ መሬት የሚደርሰው የመሳብ ኀይል ከመቶ 8 ያህል ይቀንሳል፤ አቀበት ላይ ሾፌሩ ቀድሞ በሦስተኛ ማርሽ ይወጣው የነበረውን በሁለተኛ ይወጣል።

ፍሬኑም እንዲሁ ነው፤ ለዚህ ነገር ግን የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። የፍሬኑ ብረት የቀድሞው ሲሆን የሚይዘው መንኰራኵር ግን ተልቋል፥ ከብዷልም። በቀድሞው ርቀት ለመቆም ፔዳሉ ከመቶ 9 ያህል አብልጦ መረገጥ አለበት፤ ቍልቍለት ላይ በከባድ ማርሽ የሚገኘው የሞተር መያዝም በዚያው ልክ ይላላል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቍልቍል ይሄዳል። ባዶ መኪና ላይ የማይታወቀው ልዩነት የዘር ከረጢትና ስድስት ሰው ተጭኖ፥ ፍሬኑም ግሎ፥ በዚያ ቍልቍለት መካከል ይታወቃል። ጭቃ ጊዜ ያጠፋል፤ ነፍስ የሚያጠፋው ይህ ነው።

ሌላውም ችግር ቀላል አይደለም። መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር የፊቱ ጎማ ከጭቃ መከላከያውና ከአካሉ ጋር ይፋተጋል፤ ይህንንም ለማስቀረት ሞላ ከፍ የተደረገበት መኪና በተራው መሪውና ዘንጎቹ ይናወጣሉ፥ ኩሽኔታውም ቶሎ ያልቃል። አምስተኛው ጎማ በቀድሞ ስፍራው ላይገባ ይችላል። ከሁሉ ይልቅ መጠንቀቅ የሚገባው ዘወትር በአራት እግሩ በሚስብ መኪና ላይ ገንዘብ ለመቈጠብ ሁለቱን ጎማ ብቻ ማተለቅ ነው፤ የፊቱና የኋላው በልዩ ልዩ ፍጥነት ስለሚዞሩ መካከለኛው ዲፈረንሻል ዕረፍት አያገኝም፥ ከተቈለፈም ይሰበራል።

ታዲያ ዋልካውን በምን ይሻገሩታል? በኢትዮጵያ ዋልካ የሆነው መሬት ከ12 ሚሊዮን ሔክታር በላይ ስለሚገመት ጥያቄው የጥቂት ሰዎች ጥያቄ አይደለም። መልሱ በአብዛኛው ከጎማው ትልቅነት ሳይሆን በውስጡ ካለው አየር ይገኛል። ጎማ መሬትን የሚጫነው በውስጡ ባለው የአየር ግፊት ልክ ነው ቢባል ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። ከነጭነቱ 2,800 ኪሎ የሚመዝን መኪና በእያንዳንዱ ጎማ ላይ 700 ኪሎ ያህል ያሳርፋል። አየሩ 2.4 ባር ሲሆን እያንዳንዱ ጎማ መሬት የሚነካበት ስፋት ወደ 290 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይጠጋል፤ ወደ 1.6 ባር ቢቀነስ 440 ያህል ይደርሳል። ያለ አንዳች ወጪ መርገጫው በእኩሌታ ሰፋ ማለት ነው። በ2.4 ባር የተነፋ ትልቅ ጎማ ግን መሬቱን የሚጫነው ከትንሹ ብዙ በማያንስ ኀይል ነው።

ይህነን ነገር እርሻ ቀድሞ ተምሮታል። በ1932 ዓመት በአሜሪካ ፋየርስቶንና አሊስ ቻልመርስ የሚባሉት ኩባንያዎች ትራክተርን ጥርስ ካለው ከብረት መንኰራኵር አውጥተው በዝቅተኛ አየር በተነፋ ጎማ ላይ ባቆሙት ጊዜ ብዙ ገበሬ ጎማ በእርሻ ላይ ይንሸራተታል ብሎ ተጠራጥሮ ነበር፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን የብረቱ እግር ተተወ።

አየር ሲቀነስ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በለሰለሰ ጎማ በፍጥነት የተነዳ እንደ ሆነ ጎማው ግሎ ይፈነዳል፤ በድንገት ሲታጠፍም ከቸርኬው ይወጣል። ስለዚህ በቀስታ ነድቶ ከጭቃው እንደ ወጡ፥ አስፋልት ሳይረግጡ መልሶ መንፋት ግድ ነው፤ ለዚህም ከመኪናው ባትሪ የሚሠራ ትንሽ መንፊያና የግፊት መለኪያ መያዝ ከትልቅ ጎማ ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ደግሞም ዝናብ የጠጣ እርሻ ላይ መግባት በምንም ጎማ ቢሆን መልካም አይደለም። አየር መቀነስ የላዩን አፈር ያሳርፈዋል፤ ወደ ጥልቁ ወርዶ አፈሩን የሚጠቀጥቀው ግን የመኪናው ክብደት ራሱ ስለ ሆነ፥ ትልቅ ጎማ ገጥሜአለሁና አልጐዳም የሚል ባለ እርሻ ራሱን ያታልላል። ለእርሻ ጕብኝት እግር ይሻላል።

ጎማ መለወጥ የሚያስፈልግበትም ጊዜ አለ። የምቾት አውቶሞቢሎች ለመልክ ሲባል በ20 ኢንችና ከዚያም በሚበልጥ ቸርኬ ላይ ስስ ጎማ ለብሰው ይመጣሉ፤ ስለታም ድንጋይ ጎማውን ይሰነጥቀዋል፥ ጕድጓዱም ቸርኬውን ያጣምመዋል። እንዲህ ላለው መኪና የሚጠቅመው ጠቅላላ ቁመቱን ሳይነኩ ቸርኬውን አሳንሶ ላስቲኩን ማወፈር ነው። 255/50 አር 20፥ 255/55 አር 19ና 255/60 አር 18 ሦስቱም ቁመታቸው 763 ሚሊ ሜትር ነው፤ የላስቲኩ ግድግዳ ግን ከ128 ወደ 140፥ ከዚያም ወደ 153 ሚሊ ሜትር ያድጋል። ቈጣሪውም ማርሹም አይናወጥም፤ ትንሹ ቸርኬ በፍሬኑ ላይ የሚያልፍ መሆኑን ብቻ አስቀድሞ መመልከት ያስፈልጋል። ቁመት መጨመር የግድ የሆነበት ሰው ከመቶ 3 ወይም 4 ባያልፍ ይሻለዋል፤ ለላንድ ክሩዘሩ 285/65 አር 18 ከዚህ ወሰን ውስጥ ነው፤ ከመሬት የሚያነሣውም 14 ሚሊ ሜትር ነው። በጎማው ጎን የተጻፈው የመሸከም ቍጥርም ከፋብሪካው ጎማ ማነስ የለበትም።

አንድ ነገር ደግሞ በተለይ የመንግሥት መኪና ለሚያዝዙ ሹማምንት ይነገራል። ከመቶ 9 የተለቀ ጎማ የገጠመ መኪና 1,000 ኪሎ ሜትር ሄዶ ቈጣሪው የሚጽፈው 917 ያህል ብቻ ነው። ለ100 ኪሎ ሜትር 15 ሊትር ናፍጣ የተፈቀደለት ሾፌር በእውነት 150 ሊትር አቃጥሎ ሳለ በመዝገቡ የሚገባው 138 ሊትር ይሆናል፤ የቀረው 12 ሊትር በእርሱ ላይ ይቈጠርበታል። ንጹሕ ሰው ባልሰረቀው ናፍጣ እንዲህ ሊጠረጠር ይችላል፤ ዘይት የሚለወጥበት ጊዜም በዚያው ልክ ይዘገያል። ስለዚህ ጎማው በተለወጠ ቀን የተለካ ርቀት ባለው መንገድ ላይ መኪናውን ነድቶ የቈጣሪውን ጕድለት ማወቅ፥ ያንንም ቍጥር በመኪናው መዝገብ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጽፎ ሹሙና ሾፌሩ አብረው እንዲፈርሙበት ማድረግ ይገባል።