የቀጥቃጩ ካራ በጓዳና በሜዳ

ከቤት ዕቃ ሁሉ እንደ ካራ በየቀኑ የሚነሣ፣ እንደ ካራም ሳይመሰገን የሚቀመጥ ጥቂት ነው። ጎመኑ የሚከተፈው፣ ሽንኩርቱ የሚላጠው፣ ዳቦው የሚቆረሰው፣ በዓል ሲደርስም ዶሮው የሚገነጠለው በእርሱ ነው። ይህን ሁሉ የሚሠራ መሣሪያ ከማን እጅ እንደ ወጣ፣ ብረቱስ እንዴት እንደ ተበጀ የሚጠይቅ ቤተ ሰብ ግን እምብዛም አይገኝም። እኛም ከዚህ ወቀሳ ውጭ አይደለንም። ስለዚህ ባለፈው ክረምት ከአንድ የቡሬ ቀጥቃጭ የገዛነውን ካራ ከሐምሌ መጨረሻ እስከ መስቀል በዓል ድረስ በጓዳና በሜዳ ፈትነን ያገኘነውን፣ እርሱም በተራው እኛን የፈተነበትን፣ ለውድ አንባብያን ልናቀርብ ወደድን።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ምዕራብ የሚሄደው አውራ ጎዳና ቡሬ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው በእንጅባራ በኩል ወደ ባሕር ዳር ይቀጥላል፤ ሁለተኛው ዐባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት ያደርሳል። በዚህ መስቀለኛ ስፍራ የበቆሎና የበርበሬ ነጋዴ ሲጯጯህ ይውላል። ከጫጫታው ራቅ ብሎ፣ በገበያው ዳር፣ በአንዲት ዝቅተኛ ዳስ ውስጥ ወናፍ የሚነፉ ሰው አገኘን። ዕድሜያቸው ከ60 ያልፋል፤ ጢማቸው ሸብቷል። ገበያተኛው ሁሉ «አንተ ቀጥቃጭ» እያለ ይጠራቸው ነበር፤ እኛም እንደ ገበያተኛው «አንተ» ብለን ዋጋ ጠየቅናቸው። በዚያን ሰዓት ይህ ነገር ነውር መስሎ አልታየንም።

የፈለግነው ካራ ለሁለት ሥራ የሚሆን ነበር፤ በጓዳ ሽንኩርት የሚከትፍ፣ በሜዳም እንጨት የሚልግና ልጥ የሚልጥ። እርሳቸውም ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ቈርጠው ሠሩልን። ባሌስትራ የመኪናውን ሸክም እየተለመጠ ተሸክሞ መልሶ እንዲቃና ሆኖ የተሠራ ስለ ሆነ፣ በውስጡ ከመቶ ግማሽ እጅ ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ካርቦን ይገኝበታል። ብረቱ በእሳት ግሎ በዘይት ሲነከር ጠንክሮ ስለት እንዲይዝ የምታደርገው ይህች ጥቂት ካርቦን ናት። ለቤት መሥሪያ የሚውለው ተራ ፌሮ ግን ካርቦኑ አነስተኛ ስለ ሆነ፣ የካራ መልክ ይዞ ቢቀጠቀጥም ስለቱ ቶሎ ይዶለዱማል።

አሠራሩን ቆመን ተመለከትን። ብረቱ በከሰሉ ፍም ውስጥ ሲቀላ በጉጠት ይዘው በመስፍ ላይ አኖሩት፤ በመዶሻም እየመቱ አሳሱት። ቅርጹን ከያዘ በኋላ በሞረድ አስተካከሉት። ከዚያም እንደ ገና አግለው ከተሰበረ ራዲዮ ያወጡትን ማግኔት አስጠጉበት። ብረት ሙቀቱ 770 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም፤ ለመጠንከር የሚበቃውም ከዚያ ጥቂት ከፍ ሲል ነው። እርሳቸው ዲግሪ የሚባለውን ባያነሡም ምልክቱን ከእኛ የበለጠ ያውቁታል። በዘይት ከነከሩት በኋላ በለዘብተኛ እሳት መልሰው አሞቁት፤ ምክንያቱም አንድ ጊዜ ብቻ የጠነከረ ብረት እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ነውና። ሙቀቱ 200 ዲግሪን ጥቂት ሲያልፍ የተወለወለው ብረት የገለባ ቀለም ያወጣል፤ ሠሪውም በዚያ ላይ ያቆመዋል። በመጨረሻ የወይራ እጀታ አገቡለት። ስለቱ 13 ሳንቲ ሜትር፣ የጀርባው ውፍረት 4 ሚሊ ሜትር ሆነ።

ካራውን ይዘን ቤት ስንገባ እናታችን ከየት እንደ መጣ ጠየቁን። ስንነግራቸው ፊታቸውን አዞሩ።

«ልጄ፣ የቀጥቃጭ እጅ ያረፈበትን ከጓዳዬ አታግባብኝ» አሉ።

«እናቴ፣ ይህን ጤፍ ያመረተው ማረሻ የማን እጅ ያረፈበት ነው? ያጨደውስ ማጭድ?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ማረሻው በሜዳ ይቀራል፤ ይህ ግን ጓዳ ይገባል» ብለው መለሱልን።

በዚህ መልስ ለመሣቅ የሚቸኩል አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሥ። ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ቡዳ ነው፣ ሌሊትም ጅብ ሆኖ ያድራል እየተባለ በሚነገርበት አገር ያደገ ሰው ይህን ፍርሃት የሚጠባው ከእናቱ ጡት ጋር ነው። ስለዚህ ከእናታችን ጋር አልተከራከርንም። እስከ መስቀል ፈትነነው ጉዳት ቢገኝበት ወደ ገበያ እንመልሰዋለን ብለን ተስማማን።

በጓዳ የተፈተነው በፍልሰታ ጾም፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ቀን ነበር። ጾም ለካራ መልካም ፈተና ነው፤ ወጡ ሁሉ ከአትክልት ስለሚሠራ ከጧት እስከ ቅዳሴ መውጫ ድረስ የሚከተፈው ብዙ ነውና። ቀይ ሽንኩርትና ጎመን ያለ ድካም ከተፈ፤ ቲማቲሙንም ሳይጨፈልቅ ቈረጠ። ካሮትና ድንች ላይ ግን ጀርባው ወፍራም በመሆኑ ከመቍረጥ ይልቅ እንደ ፍልጥ ሰነጠቀ። ለዚህ ሥራ ከሱቅ የሚገዛው ስስ ቢላዋ እንደሚበልጠው አንክድም።

በሦስተኛው ቀን ስለቱ ጠቈረ። እናታችንም «አላልኋችሁም?» አሉ። ነገሩ ግን መተት አይደለም። የቲማቲምና የሎሚ ኮምጣጤነት ካርቦን ያለበትን ብረት ሲነካ ገጹን ያጠቍረዋል፤ ጥቍረቱም ሰውን አይጎዳም። የሱቁ ቢላዋ የማይጠቍረው ከመቶ 10 እጅ ተኩል ወይም ከዚያ የሚበልጥ ክሮሚየም ስላለበት ነው። ሊፈሩት የሚገባው ቀዩ ዝገት ነው፤ እርሱንም በአመድ አሽተው፣ አድርቀው፣ ጥቂት ዘይት ቢቀቡት ይለቃል። ባለቤታችን ይህን በሠሩ ጊዜ ካራው እንደ ቀድሞው ሆነ። በእንቍጣጣሽ ዕለትም የዶሮውን 12 ብልት አጥንት ሳይሰብር በየመገጣጠሚያው ለየ። እናታችን ከዳር ሆነው ተመለከቱ፤ ነገር ግን ምንም አልተናገሩም።

በመስከረም ወደ ሜዳ ወጣን። በላህ ወንዝ ዳር ከጥቂት ተማሪዎች ጋር ለደመራ የሚሆን እንጨትና ለችቦ ማሰሪያ የሚሆን ልጥ ስንፈልግ ካራው ብቻውን አገለገለን። የባሕር ዛፍ ጭራሮ ላገ፤ ልጡን ሳይቈርጥ ከግንዱ ለየ፤ ጀርባውን በዱላ እየመታን የክንድ ያህል ውፍረት ያለው እንጨት ሰነጠቅንበት። በመጨረሻም ከወንዙ ዳር መቃ ቈርጠን ብርዕ ቀረጽንበት። ይህን ያደረግነው ልጆቹን ለማስደሰት ነበር፤ ግን በቆሎ ተማሪነታችን ዘመን ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጠን ብርዕ የቀረጽንባት ትንሽ ካራ ትዝ አለችን። ዳዊታችንንና ድጓችንን የጻፈው ብርዕ በቀጥቃጭ ካራ የተቀረጸ መሆኑን እስከዚያ ቀን ድረስ አስበን አናውቅም ነበር።

ከዚህ በኋላ ስሕተት ሠራን። በካራው ተመክተን የደረቀ የወይራ ጉጥ መታንበት፤ ስለቱም የስንዴ ቅንጣት በሚያህል መጠን ተሸረፈ። በማግሥቱ ይዘን ወደ ቡሬ ተመለስን። ሠሪው ካራውን በፀሓይ አገላብጠው አዩና ሰበብ ሳይፈልጉ እንዲህ አሉ፦

«መምህር፣ ጥፋቱ ከእኔም አለ። የገበያ ቀን ነበር፤ ማለዘቡን ቸኮልሁት። ጉጡንም ባይመቱበት መልካም ነበር። ለዚያ መጥረቢያ አለ።»

ያለ ዋጋ እንደ ገና አለዘቡት፤ ሽርፉንም እስኪጠፋ ድረስ ሞረዱት። እርሳቸው ሲሠሩ እኛ ቆመን ጠበቅን። ያን ጊዜ ቀና ሳይሉ፦

«ልጄ እርስዎ ዘንድ ይማራል። ፍኖተ ሰላም ከዘመድ ቤት ተጠግቶ ነው። ከኋላው ወንበር ብቻውን የሚቀመጠው እርሱ ነው» አሉን።

ልጁን እናውቀዋለን። ጸጥተኛ፣ በሒሳብ ብርቱ የሆነ ልጅ ነው። ብቻውን የሚቀመጠው ወድዶ ይመስለን ነበር፤ ለምን ብለንም አልጠየቅንም። እናታችንን በልባችን ስንወቅስ ከከረምን በኋላ፣ በራሳችን ክፍል፣ በዐይናችን ፊት፣ ያው ነገር ስሙን ሳይናገር ተቀምጦ አገኘነው። ለሽበታሙ ሰው «አንተ» ያልንበትም አፍ የራሳችን ነበር። ካራው የፈተነን በዚህ ነው።

የተከበራችሁ አንባብያን፣ ይህ ንቀት ከመጻሕፍት የተገኘ አይደለም። ከ81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍታችን አንዱ የሆነው መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38፣ ብረት ሠሪው በምድጃው ወላፈን ሰውነቱ እየነደደ፣ ጆሮው በመዶሻ ድምፅ እየደነቈረ እንደሚደክም ያስረዳል፤ እንዲህ ያሉ ሙያተኞች ከሌሉም ከተማ ከተማ ሆኖ እንደማይኖር ይመሰክራል። ነቢዩ ኢሳይያስም በምዕራፍ 54፣ በፍም ላይ የሚያናፋውን ብረት ሠሪ የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ይናገራል። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 13 ደግሞ በእስራኤል ምድር ብረት ሠሪ ስለ ጠፋ ሕዝቡ ማረሻውን ለማሳል ወደ ጠላቶቹ ወደ ፍልስጥኤማውያን ይወርድ እንደ ነበረ ተጽፏል። ቀጥቃጩን የሚያርቅ አገር ይህን ታሪክ ቢያስብ ይጠቀማል።

የአገራችንም ታሪክ ያንኑ ያስተምራል። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት ሙያተኞችን ሰብስበው መድፍ አስቀልጠዋል፤ ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍም እስከ መቅደላ ተጎትቶ ወጥቷል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛውን ሰው በሙያው ምክንያት መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረዋል። በጎንደር አካባቢ ብረቱን በመቀጥቀጥ ብዙ ዘመን ያገለገሉት ቤተ እስራኤል ናቸው፤ በ1977 ዓ.ም. እና በ1983 ዓ.ም. ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ሲሄዱ ሙያቸውም አብሯቸው ሄደ። ከዐዋጁ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፤ ወንበሩ ግን ገና ባዶ ነው።

ከቡሬ ከተመለስን በኋላ በክፍላችን ንግግር አላደረግንም፤ ልጁ በብዙ ዐይን ፊት እንዳያፍር ፈርተናል። የሁሉንም መቀመጫ በዕጣ ለወጥን፤ በየወሩም እንዲሁ እንዲለወጥ አደረግን። አንዲት እናት መጥተው «ልጄን ከማን ጋር አስቀመጥህብኝ?» ብለው ተቈጥተዋል። «ከክርስትና ልጅ ጋር ነው፤ እንደ ልጅዎ በ40 ቀኑ የተጠመቀ» ብለን መለስንላቸው። ረክተው ሄዱ ለማለት አንደፍርም። ልጁ ግን ዛሬ ጎን ለጎን የሚቀመጥ ጓደኛ አለው።

ካራ ለመግዛት ለሚያስብ ቤተ ሰብ ከፈተናችን ያገኘነው ምክር ይህ ነው። ብረቱ ባሌስትራ ወይስ ፌሮ መሆኑን ጠይቁ፤ በደንብ የጠነከረ ስለት ሞረድ ሲነካው ሞረዱ ይንሸራተታል እንጂ በቀላሉ አይበላውም። ለጓዳ ብቻ ከሆነ ጀርባው ስስ እንዲሆን እዘዙ፤ ለሜዳም ከሆነ እንደ እኛው ወፈር ይበል። ከታጠበ በኋላ ውሃ ላይ አይደር፤ ደርቆ ዘይት ይቀባ። ወደ ሰውነት አዙረው አይላጉበት፤ ለሰው ሲያቀብሉም እጀታውን ያስቀድሙ፤ ሕፃናት ከሚደርሱበት ቦታም ይራቅ። ሠሪውን ደግሞ በስሙ ጠርታችሁ፣ ለዕድሜው የሚገባውን አክብሮት ሰጥታችሁ ተነጋገሩ። እኛ ካራውን ልንቀበል በሄድንበት ቀን «እግዜር ይስጥልኝ፣ እርስዎ» ባልናቸው ጊዜ ሠሪው መዶሻቸውን አሳርፈው ለአፍታ አዩን፤ ከዚያም ወናፋቸውን መንፋት ቀጠሉ።

የመስቀል ዕለት እናታችን ዳቦውን አውጥተው በመሶቡ ላይ አኖሩት። የሱቁ ቢላዋ በአጠገባቸው ነበረ። ከባረኩ በኋላ ጥቂት ቆዩና ወደ ባለቤታችን ዞረው፣ «እስቲ ያን ካራ አቀብይኝ፤ ይኸኛው ያፈረፍረዋል» አሉ። እጀታውን አስቀድማ አቀበለቻቸው። ስለ ቃላችን ማንም አላነሣም፤ ካራውም ወደ ገበያ አልተመለሰም።