ነፍሰ ጡር ስፖርት ስትሠራ የሚያሰጋው የቱ ነው?

አንዲት ሴት ማርገዟ እንደታወቀ ከዘመድም ከጎረቤትም ቀድሞ የሚደርሳት ምክር «ከእንግዲህ አርፈሽ ተቀመጪ» የሚል ነው። ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነው፤ መረጃው ግን አይደግፈውም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ፣ የሚከለክላት የጤና ችግር የሌለባት ነፍሰ ጡር በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንድታደርግ ይመክራል። የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅም በ1985 የነፍሰ ጡር የልብ ምት በደቂቃ ከ140 እንዳይበልጥ ብሎ ነበር፤ ገደቡን በ1994 አንስቶታል። አሁን የሚመከረው መለኪያ ቀላል ነው፦ እየተንቀሳቀሰች ትንፋሽ ሳያጥራት ማውራት ከቻለች፣ ልኩ ላይ ናት።

እንግዲህ ልንፈራው የሚገባው ላቡንና ድካሙን ሳይሆን ሆድ ላይ የሚያርፍ ምትንና ውድቀትን ነው ብዬ አምናለሁ። እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ ማህፀን በዳሌ አጥንት ውስጥ ተከልሎ ይቆያል። ከዚያ ወደ ላይ ሲወጣ ከለላው ይቀንሳል፤ ሆድ ላይ ያረፈ ኃይለኛ ምት እንግዴ ልጁን ከማህፀን ግድግዳ ሊያላቅቀው ይችላል። ሆዱ ሲገፋ የሰውነት ሚዛንም ይቀየራል፣ መገጣጠሚያዎችም ይላላሉ። መረብ ኳስን እንይ። መረቡ ሥር ሁለት ሰው ተያይዞ ዘልሎ አንዱ የሌላው እግር ላይ ሲያርፍ ቁርጭምጭሚት ይዞራል፤ በደህናው ጊዜ ተነስተው የሚያነክሱበት ይህ ውድቀት፣ በስድስተኛው ወር በሆድ መውደቅ ሊሆን ይችላል። ነፍሰ ጡሯ ግን ከጓደኛዋ ጋር ቆማ ኳስ ብትቀባበል ይህ ስጋት አይኖርባትም። እግር ኳስ፣ ቅርጫት ኳስ፣ ፈረስ ግልቢያ ይቆዩ፤ ዋና፣ ፈጣን እርምጃ፣ ለለመደችው ደግሞ ሶምሶማ ይቀጥሉ።

«ቢያስወርዳትስ?» የሚለው ስጋት ቀላል አይደለም። ሆኖም በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚደርሰው ውርጃ አብዛኛው የሚመጣው ከጽንሱ የክሮሞሶም መዛባት ነው፤ ጤናማ እርግዝና ላይ የሚደረግ መካከለኛ እንቅስቃሴ ውርጃን እንደሚያበዛ አልታየም፤ በእርግዝና ጊዜ የሚከሰተውን ስኳር ግን ይቀንሳል። ሳታውቅ ሮጣ ጽንሷን ላጣች ሴት «አንቺው ነሽ» ማለት ከእውነትም ከርኅራኄም የራቀ ነው። «እናቶቻችን ውሃ እየቀዱ፣ እንጨት እየለቀሙ ወልደዋል፣ ስፖርት ምን ያደርጋል?» ለሚሉም፦ ከባድ ሸክም የሚያዳክም ግዴታ እንጂ ልኳን አውቃ የምትመርጠው እንቅስቃሴ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ቢሮ የምትቀመጠው ልጃቸው ደግሞ ያንን እንቅስቃሴ እንኳ የላትም።

ከፍታም አይዘንጋ። ቆላ የለመደ ሰውነት ከ1,800 ሜትር በላይ ሲወጣ ጊዜ ይፈልጋል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ለእረፍት የመጣች ነፍሰ ጡር የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቀስ ብላ ትራመድ። ሆዷ ባዶ ሆኖ ወይም ውሃ ሳትጠጣ በፀሐይ መሥራትም አይገባም። ደም ከፈሰሳት፣ የእንሽርት ውሃ ካፈተለከ፣ ምጥ የመሰለ ሕመም ከተመላለሰባት፣ ደረቷን ከወጋት፣ ካዞራት፣ ባቷ ካበጠ ወይም ካመማት ወዲያው አቁማ ወደ ጤና ተቋም ትሂድ። የልብ ሕመም፣ ከባድ የደም ማነስ ወይም በእርግዝና የመጣ የደም ግፊት ያለባት ደግሞ ሐኪሟ ሳይፈቅድላት አትጀምር።

እህቶቼ፣ ለክትትል ስትሄዱ «ስፖርት ልሥራ ወይ?» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። የምትጫወቱትን ጨዋታ በስሙ ጥሩ፣ በሳምንት ስንት ቀን እንደምትጫወቱ ተናገሩ፣ ስንተኛ ወር ላይ ማቆም እንዳለባችሁም ጠይቁ።