የማይበወዘው ካርታ

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ጥበብ ክፍል፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ተማሪዎች መጫወቻ ካርታ በመቀስ ይከረክማሉ። ንጉሡም ጃኩም ያለ አድልዎ አራት ማዕዘን እየሆኑ በየማዕዘናቸው ይበሳሉ። በእንግድነት የተጋበዙት አዛውንት ሸማኔ ጥግ ይዘው ሲመለከቱ ቆዩና አላስቻላቸውም። «ጉድጓድ የለው፣ መርገጫ የለው፣ መወርወሪያ የለው! ልጄ፣ ይሄ ደግሞ የምን ሽመና ነው?»

«አባባ፣ ትንሽ ይታገሡኝ፤ ያዩታል» አለቻቸው መምህርቷ።

የካርታ ሽመና ዕቃው ኪስ ውስጥ ይገባል። በእያንዳንዱ ካርታ አራት ቀዳዳ፣ በእያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ ክር፤ አሥራ ሁለት ካርታ 48 የድር ክር ይይዛል። የድሩ አንድ ጫፍ በር እጀታ ላይ፣ ሌላው የሚሸምነው ሰው ወገብ ላይ ይታሰራል። ካርታዎቹ ጎን ለጎን ሲቆሙ በላይኞቹና በታችኞቹ ክሮች መካከል ክፍተት ይፈጠራል፤ ማጉ በዚያ ያልፋል። ካርታዎቹ ሩብ ዙር ሲዞሩ ሌላ ክፍተት ይከፈታል። አሠራሩ ይኸው ነው።

ጀማሪ ግን ዓይኑን ቀለም ላይ ብቻ ይተክላል። በዚያ ቀን ሁለት ተማሪዎች ከአንድ ንድፍ፣ በአንድ ዓይነት ቀይና ነጭ ክር፣ እኩል ካርታ ይዘው ጀመሩ። የአንደኛዋ ሰያፍ መስመር በቢላ የተቆረጠ ያህል ጥርት ብሎ ወጣ። የሁለተኛዋ እንደ መጋዝ ጥርስ ተሸራረፈ። «ክሬ መጥፎ ነው» አለች ሁለተኛዋ፤ ጥፋትን ክር ላይ መጣል የተለመደ ነው። ክሩ ግን ምንም አላጠፋም።

ካርታ በዞረ ቁጥር አራቱ ክሮች እርስ በርስ ይገመዳሉ። ስለዚህ ተሸምኖ የሚወጣው ጥብጣብ ማጉ ጎን ለጎን የሰፋቸው የቀጫጭን ገመዶች ድርድር ነው። ክሩ ወደ ካርታው በቀኝ ፊት ከገባ ገመዱ ወደ አንድ ወገን ያዘማል፤ በግራ ከገባ ወደ ሌላው። የንድፉ ሰያፍ መስመርና የገመዱ ዘመም አንድ አቅጣጫ ከያዙ መስመሩ ይለሰልሳል፤ ከተቃረኑ ይቆራረጣል። በሁሉም ካርታ ክሩ በአንድ ወገን ከገባ ደግሞ ጥብጣቡ ራሱ መጠማዘዝ ይጀምራል። ዘመሙን ለመቀየርም ክሩን ፈቶ እንደገና መክተት አያስፈልግም፤ ካርታውን እንደ መጽሐፍ ገጽ መገልበጥ ይበቃል። ይህን ያላወቀ ተማሪ ሌሊቱን ሙሉ ክር ሲፈታ ያድራል።

ግምዱ ከካርታዎቹ ወዲያ በኩልም ይከማቻል። ለዚህ ነው ወደፊት ሃያ ጊዜ ያዞረ ወደኋላም ሃያ ጊዜ ማዞር ያለበት፤ በመመለሻው ላይ ንድፉ እንደ መስተዋት ተገልብጦ ይታያል። ቆጠራውን በወረቀት ይዞ መሥራት ነው እንጂ «በቃሌ እይዘዋለሁ» ማለት አያዋጣም። ለሻይ ሲነሱም ካርታዎቹን በላስቲክ ማሰር ይገባል። ካርታ የሚበወዘው ለጨዋታ ነው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው ሰው አንድ ጊዜ ሳያስር ተነስቶ 20 ካርታ ወለል ላይ በትኗል፤ ያን ጥብጣብ እስከ ዛሬ አልጨረሰውም።

ዘዴው ለክፍሉ አዲስ ይሁን እንጂ ለዓለም አሮጌ ነው። ኖርዌይ ውስጥ በኦሴበርግ ከተቀበረ የ9ኛው ክፍለ ዘመን መርከብ 52 የሽመና ካርታዎች፣ ገና ካላለቀ ሥራ ጋር ወጥተዋል።

ለኢትዮጵያም ቢሆን እንግዳ አይደለም። በለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም በ1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የወሰደው የጎንደር ዘመን የሐር መጋረጃ አለ፤ ቁመቱ ከ5 ሜትር በላይ፣ ስፋቱ 60 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። የተሠራው በካርታ ሽመና ነው። ከላዩ ካሉት ምስሎች ውስጥ አፄ በካፋ፣ እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ኢያሱ ሳይኖሩ አይቀሩም ይባላል። የዚህ መጋረጃ ዘመድ የሆነ ሌላ ሥራ ካናዳ፣ ቶሮንቶ በሚገኘው ሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ይገኛል። ከጣት የማይሰፋ ጥብጣብ ለመሥራት ላቡ ጠብ ያለ ተማሪ የመጋረጃውን ስፋት ሲያስብ ዝም ይላል።

የመጋረጃውን ፎቶ የሚያይ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ «እንዴት ያለ ጥልፍ ነው!» ይላል። ጥልፍ አይደለም። ጥልፍ ተሸምኖ ባለቀ ጨርቅ ላይ በመርፌ የሚጨመር ነው፤ እነዚህ ምስሎች ከጨርቁ ጋር አብረው የተሸመኑ ናቸው። ነጠላችንም የዚሁ ስህተት ተጠቂ ነው። ሸማኔው ከድሩ እየቆጠረ፣ ከማጉ ጋር ሌላ ቀለም እያስገባ የሠራውን ጥለት «ጥልፍ» ብሎ የሚጠራ ገዢ ሞልቷል። የጥለቱን ዋጋ ሲከራከርም የተሰፋበት ነገር ይመስለዋል።

ወደ ማምሻው ላይ አዛውንቱ ከወንበራቸው ተነሥተው መጋዝ ጥርስ ያወጣውን ጥብጣብ ተቀበሉ። መነጽራቸውን አላወጡም። አውራ ጣታቸውን በጥብጣቡ ላይ አንድ ጊዜ ወዲያ፣ አንድ ጊዜ ወዲህ አስሄዱና አንድ ቦታ ላይ አቆሙ።

«ከዚህ ወዲያ ያሉት ስድስቱ ተገልብጠው ነው የገቡት» አሉ። ተማሪዋ ቆጠረች። ስድስት ነበሩ።