ከቆርቆሮው ሥር፦ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ የሚስማማ ትምህርት ቤት

በሰኔ ወር በጋይንት ደጋ የተማረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ዝናቡ ሲጀምር መምህሩ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ሲበረታ ግን ጠመኔውን እንደያዘ ዝም ይላል። ተማሪውም የቆርቆሮውን ጩኸት እያዳመጠ ይቀመጣል። ይህ ጸሐፊ በልጅነቱ ስንት ክፍለ ጊዜ እንዲህ እንዳለፈው አልቆጠረም። ከዓመታት በኋላ በባዕድ አገር የድምፅን ፊዚክስ ሲማር ግን ነገሩ ስሌት እንዳለው ተረዳ።

ክፍት በሆነ ቦታ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር የድምፅ ደረጃ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ከመምህሩ 1 ሜትር ርቆ ከተቀመጠው ልጅ ይልቅ 8 ሜትር የራቀው 18 ዴሲቤል ያነሰ ድምፅ ይደርሰዋል ማለት ነው። ግድግዳው ድምፅን ስለሚመልስ በክፍል ውስጥ ልዩነቱ ጥቂት ይጠብባል። የዝናቡ ጩኸት ግን ከጣሪያው ሁሉ ስለሚመጣ ለፊተኛውም ለኋለኛውም እኩል ነው። ስለዚህ ትምህርት አስቀድሞ የሚቋረጠው በኋላ ወንበር ነው።

ቆርቆሮ ስስ ስለሆነ እያንዳንዱ ጠብታ እንደ ከበሮ ያንቀጠቅጠዋል። የሣር ክዳን ጠብታውን ይውጠዋል፤ ይሁን እንጂ ወደ ሣር እንመለስ የሚል የለም፤ ሣሩ አልቋል፣ እሳትም ያሰጋል። መፍትሔው ኮርኒስ ነው። ብዙ ጊዜ የሚወጠረው የአቡጀዴ ኮርኒስ አቧራ ይከለክላል እንጂ ድምፅ አይከለክልም፤ ድምፅን የሚያግደው ክብደት ነውና። በእንጨት ርብራብ ላይ የተነጠፈ ጭድና ጭቃ፣ ተሸካሚው ጠንካራ እስከሆነ ድረስ፣ ድምፁንም የቆርቆሮውንም ግለት አብሮ ይከለክላል።

አሁን ወደ ሙቀቱ እንለፍ። በሦስቱ አካባቢዎች አንድ ዓይነት የትምህርት ቤት ፕላን መጠቀም ስሕተት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ነፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ስሟ ራሱ ስለ አየሩ ይናገራል። ስማዳ ደግሞ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወርድ ከ1500 ሜትር በታች ይደርሳል። አየር በየ1000 ሜትር ከፍታ በአማካይ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ በሁለቱ መካከል 9 ዲግሪ ገደማ ልዩነት አለ። የእስቴ ወይና ደጋ በመካከል ነው። አንዱ ልጅ ጠዋት ጋቢ ለብሶ ይንቀጠቀጣል፤ ሌላው ቀትር ላይ ያንቀላፋል። የሚማሩበት ክፍል ግን አንድ ነው።

የድንጋይ ግድግዳን እንመልከት። ሙቀት በድንጋይ ውስጥ በዝግታ ይጓዛል። 50 ሴንቲሜትር ውፍረት ባለው ግድግዳ የቀትር ሙቀት ውስጠኛውን ገጽ የሚነካው ከግማሽ ቀን በኋላ ሲሆን፣ ያኔም እጅግ ተዳክሞ ነው። ስለዚህ ወፍራም ግድግዳ ያለው ክፍል የቀኑና የሌሊቱ ሙቀት አማካይ ላይ ይረጋል። ለቆላው ይህ በረከት ነው። ለደጋው ግን አማካዩ ራሱ ብርድ ነው! መኖሪያ ቤት እሳት ይነድበታል፤ ሌሊትም ሰው ያድርበታል። ትምህርት ቤት ሁለቱም የለውም። የደጋ ክፍል ከድንጋዩ በተጨማሪ የጠዋት ፀሐይ ያስፈልገዋል።

ፀሐይቱ ደግሞ አቅጣጫዋ ይታወቃል። አካባቢው በሰሜን ኬክሮስ 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለሆነ፣ በታኅሣሥ 12 አካባቢ የቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል ከአድማስ 55 ዲግሪ ከፍ ትላለች። በሰኔ 14 አካባቢ በሰሜን በኩል 78 ዲግሪ ትደርሳለች። ስለዚህ ክፍሎቹ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ቢዘረጉና መስኮቶቹ በሰሜንና በደቡብ ቢሆኑ ፀሐይን መቆጣጠር ቀላል ነው። ቁመቱ 1.2 ሜትር የሆነ የደቡብ መስኮት ከላዩ 85 ሴንቲሜትር የወጣ የጣሪያ ክፈፍ ቢኖረው የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ አትገባበትም። በስማዳ ቆላ እንዲህ ይሁን። በነፋስ መውጫ ክፈፉ አጠር ብሎ የታኅሣሥና የጥር ፀሐይ ትግባ። ክፈፍ ሲያጥር የጭቃ ግድግዳ በዝናብ ይታጠባልና በደጋ የግድግዳው ታችኛው ክፍል ድንጋይ መሆን አለበት።

ለቆላው ከጎረቤት አህጉረኞቻችን የምንማረው አለ። ቡርኪናፋሶያዊው አርክቴክት ፍራንሲስ ኬሬ ገና ተማሪ ሳለ ለተወለደበት ለጋንዶ መንደር የነደፈው ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ተጠናቋል። ግድግዳው ከአካባቢው አፈር በተሠራ ጡብ ሲሆን፣ ቆርቆሮው ከጡብ ኮርኒሱ ተነጥሎ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። የሞቀው አየር በኮርኒሱ ክፍተቶች ወጥቶ በመካከል ይነፍሳል። የሠሩት የመንደሩ ሰዎች ናቸው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2004 የአጋ ኻን ሽልማትን አገኘ፤ ኬሬም በ2022 የፕሪትዝከር ተሸላሚ ሆነ።

ትምህርት ቤትን ከአካባቢውና ከሕዝቡ ማያያዝ ግን ለጋይንት እንግዳ አይደለም። ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ የዝማሬና መዋሥዕት ማስመስከሪያ ሆነው ለዘመናት የኖሩት በዚሁ ምድር ነው። ተማሪው ጎጆውን ራሱ ይቀልሳል፤ ከዛፍ ሥር ዜማውን ያጠናል፤ ሕዝቡም ይመግበዋል። ረሃቡንና ብርዱን ረስቼ አይደለም፤ ማንም ልጁ በዚያ መልክ እንዲማር አይመኝም። ዛፉ ግን መቅረት አልነበረበትም።

ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እ.ኤ.አ. በ2007 በሆላንድ ዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ያጠናው የደቡብ ጎንደርን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ነው። በ28 ደኖች የተካሄደው ጥናት 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያዎችን መዝግቧል። በአንዳንዶቹ ዙሪያ ገበሬዎች ከእርሻቸው የለቀሙትን ድንጋይ ክበው አጥር ሠርተዋል፤ ደኑ ከከብት ተጠበቀ፣ እርሻውም ጸዳ። የትምህርት ቤት ግቢም በዚህ መንገድ ሊታጠር ይችላል። በግቢዎቻችን የሚበዛው ባሕር ዛፍ ገቢ ያመጣልና ጠላት አላደርገውም፤ ዳር ላይ ይቁም። ለመማሪያ ክፍሉ ቅርብ የሚሆኑት ግን ኮሶ፣ ወይራና ጽድ፣ በቆላው ግራርና ዋንዛ ናቸው። ችግኛቸው የሚገኘውም ልጆቹ እሑድ ከሚስሙት ደብር ነው።

ይህ ሁሉ ዛሬ የሚነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ጋይንት ደርሶ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. መገባደጃ ወዲህ ደግሞ በክልሉ በቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ ተጎድተዋልም። እንደገና ሲሠሩ ገበሬው እንደ ልማዱ ድንጋይ፣ እንጨትና ጉልበት ያዋጣል። ያ መዋጮ ተመልሶ በዚያው ጩኸታም ቆርቆሮ ሥር እንዳይገባ ፕላኑን ከመሠረቱ በፊት መወያየት ይገባል። ልጆቹም በውይይቱ ድርሻ ሊኖራቸው ይችላል። በተመረጠው ቦታ አንድ ቀጥ ያለ ዘንግ ይትከሉ፤ ከመስከረም እስከ ሰኔ የጥላውን ጫፍ በየሳምንቱ በጠጠር ምልክት ያድርጉ። በታኅሣሥ ጥላው ወደ ሰሜን ይረዝማል፤ በሚያዝያ 12 ገደማ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ጥላው ከዘንጉ ሥር ይጠፋል። ግንበኛው ሲመጣ የመስኮቱን አቅጣጫ ከጠጠሮቹ ያነባል።