ፋብሪካ የለቀቀው መሬት መናፈሻ ከመሆኑ በፊት

በከተማ መካከል ፋብሪካ ለቆት የሄደ ባዶ መሬት በተገኘ ጊዜ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ስፋቱንና አቀማመጡን ነው። ሣር ቢዘራበት ዛፍም ቢተከልበት ለሽማግሌው ማረፊያ፣ ለሕፃኑም መጫወቻ ይሆን ነበር ብሎ መመኘት ነቀፋ የለበትም። ነገር ግን መሬት ያለፈበትን ነገር በአንደበቱ አይናገርም። በላዩ ምን ሲሠራ እንደ ኖረ፣ በሆዱም ምን እንደ ተቀበረ ሳይመረመር ለሕዝብ የተሰጠ እንደ ሆነ፣ ስጦታው ለተቀባዩ ደዌ ሊሆንበት ይችላል። የሣሩ መለምለም ለዚህ ምስክር አይሆንም፤ ሣር በመርዝ ላይም ይበቅላልና።

ነገሩ በግምት እንዳይቀር፣ በአሜሪካ በዋሽንግተን ግዛት በሲያትል ከተማ የተደረገውን እንናገራለን። ይህች ከተማ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት ሠርተው የሚኖሩባት ስለ ሆነች፣ ስሟ ለአንባቢዎቻችን እንግዳ አይደለም። የውጭውን አገር ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋቸዋለን።

በከተማይቱ ውስጥ ዩንየን የሚባል ሐይቅ አለ። በ1906 ዓመት በዚህ ሐይቅ ሰሜን ዳር የጋዝ ፋብሪካ ተሠራ። በዚያን ዘመን ለቤት የሚሆነው ጋዝ እንደ ዛሬው ከምድር ውስጥ በቧንቧ የሚመጣ ሳይሆን፣ የድንጋይ ከሰል አየር በማይገባው ምድጃ በብርቱ ሲግል ከእርሱ የሚወጣው እስትንፋስ ነበር። ኋላም በከሰሉ ፈንታ የነዳጅ ዘይት ይሠራበት ጀመር። ጋዙ ተጣርቶ ወደ ሰው ቤት ሲሄድ፣ ዝቃጩ ግን ከፋብሪካው ቅጥር አይወጣም፤ ይኸውም ጥቍር ቅጥራን፣ ብል እንዳይበላው በልብስ ሣጥን የሚጨመረው ናፍታሊን፣ ደግሞም ቤንዞል የሚባለው ፈሳሽ ነው (ለመኪና ከሚቀዳው ቤንዚን ጋራ አይምታታ)። ይህ ሁሉ ሃምሳ ዓመት ሙሉ እየተንጠባጠበና እየፈሰሰ ወደ ዐፈሩ፣ ከዐፈሩም ወደ ሐይቁ ገባ።

የቅጥራንና የጥቀርሻ ጕዳት ትናንት የታወቀ አይደለም። የእንግሊዙ ሐኪም ፐርሲቫል ፖት የጭስ ማውጫ ጠራጊዎችን የሚይዘው የነቀርሳ በሽታ ከጥቀርሻው የሚመጣ መሆኑን ያስታወቀው በ1775 ዓመት ነው። ከቅጥራኑ ውስጥ ነቀርሳ የሚያመጣውን አንዱን ንጥረ ነገር ሊቃውንት ለይተው ያወጡት ደግሞ በ1933 ዓመት ነው። ቤንዞልም የደም ነቀርሳ የሚያስከትል መሆኑ ዛሬ የተረጋገጠ ነገር ነው።

የተፈጥሮ ጋዝ በቧንቧ ወደ ከተማይቱ በደረሰ ጊዜ፣ በ1956 ዓመት ፋብሪካው ሥራውን አቆመ። የከተማው ማዘጋጃ ቤት 8 ሔክታር ያህል የሆነውን ይህን መሬት ለመናፈሻ ብሎ በ1962 ዓመት ገዛው። ሪቻርድ ሃግ የሚባል የአትክልት ስፍራ ነዳፊ ሥራው በተሰጠው ጊዜ፣ ብዙ ሰው የዛገው ብረት ሁሉ ተነቅሎ እንዲጠፋ ይፈልግ ነበር። እርሱ ግን እነዚህ ግንቦች የከተማይቱ ታሪክ ናቸው ብሎ ተከራከረና ረታ። ስለ ዐፈሩም የመረጠው ዘዴ የገበሬ ዘዴ ነው፤ መሬቱን እያረሰ፣ የሰጋቱራ ብናኝና የፍሳሽ ዝቃጭ እየደባለቀ፣ በዐይን የማይታዩት ሕዋሳት ዘይቱን በልተው እንዲጨርሱት አደረገ። ከፍርስራሹም ኮረብታ ሠርቶ በላዩ ዐፈር አለበሰው። መናፈሻው በ1975 ዓመት ተከፈተ፤ ያማረም ሆነ።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1984 ዓመት፣ የመንግሥት መርማሪዎች ዐፈሩን ቢመረምሩ እነዚያ የቅጥራን መርዞች በብዛት ተገኙበት። ልጆች ሲንከባለሉበት የኖሩት መናፈሻ ለጥቂት ወራት ተዘጋ።

በእኛ አስተያየት ሃግን በዚህ መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ነው። የገበሬው ዘዴ ውሸት አልነበረም፤ ዛሬም በየአገሩ ይሠራበታል። ቀላሉን ዘይት ሕዋሳቱ በእውነት ይበሉታል፤ ከባዱን የቅጥራን ዓይነት ግን ዓመታት ቢቈጠሩም በቀላሉ አይደፍሩትም። በዚያም ዘመን የተበከለ መሬት ምን ያህል ቢነጻ ለሰው ይበቃል የሚለው ልክ ገና በሕግ አልተወሰነም ነበር። ከዚህ የምንረዳው፣ ማከም አንድ ነገር፣ ድኗል ብሎ መመስከርም ሌላ ነገር መሆኑን ነው። አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ያሉት ለመሬትም ይሠራል።

እንግዲህ የዛሬው ምርመራ እንዴት እንደሚደረግ እንመልከት። መርማሪው ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት መዝገብ ያነባል፤ የድሮ ካርታና ከአውሮፕላን የተነሣ ፎቶግራፍ ይፈልጋል፤ በፋብሪካው የሠሩትን አረጋውያን፣ የዘይቱ ጋን የት ነበር፣ ዝቃጩስ የት ይደፋ ነበር ብሎ ይጠይቃል። ይህ ርካሹ ሥራ ነው፤ ችላ የሚባለውም እርሱ ነው። ጡረተኛው ዘበኛ በጣቱ የሚያመለክተውን ጕድጓድ ሳያውቅ የሚቈፍር ባለሙያ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ንጹሑን ስፍራ ብቻ መርምሮ ሊመለስ ይችላል። ከዚህ በኋላ ምድሩ በመሰርሰሪያ እየተበሳ፣ ከላይኛው ዐፈርና ከጥልቁ ለየብቻ ናሙና ይወሰዳል፤ የከርሰ ምድሩ ውሃ በትንንሽ ጕድጓዶች ይቀዳል፤ ከዐፈሩ የሚተነው አየርም ይለካል።

የነገሩ ፍሬ ግን ከቍጥሩ ይልቅ በሦስት ጥያቄዎች ላይ ነው። መርዙ ከወዴት ይመነጫል? በምን መንገድ ይሄዳል? ማንንስ ያገኛል? ከሦስቱ አንዱ ከተቈረጠ ጕዳቱ ይቋረጣል። ስለዚህ ለመጋዘን ይበቃል የተባለ መሬት ለመናፈሻ ላይበቃ ይችላል፤ በመጋዘን የሚውለው ጫማ ያደረገ ጐልማሳ ነው፤ በመናፈሻ የሚውለው ግን መሬት ላይ የሚድኸው፣ ዐፈር የነካ እጁን ወደ አፉ የሚወስደው ሕፃን ነው። ልኩ የሚወሰነው በዚህ ሕፃን እንጂ በሹሙ ጥድፊያ አይደለም።

በሲያትልም በመጨረሻ የተሠራው በዚህ መንገድ ነው። በ1999 ዓመት የግዛቱ መንግሥት፣ ከተማውና የጋዙ ኩባንያ ወራሽ የሆነው ድርጅት በስምምነት ተያዙ፤ ቅጥራኑ ከሚገኝበት ተወሰደ፣ ንጹሕ ዐፈር ለበሰ፣ ቤንዞል የበዛበት ወገን ከታች አየር እየተነፋበት ተነነ። የሐይቁ ወለል ጉዳይ ግን ምርመራው እስከ 2020ዎቹ ዘልቋል፤ ወደ ውሃው መግባትና መዋኘትም የተከለከለ ነው። መናፈሻው በ2013 ዓመት በአገሪቱ የታሪክ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። በሽታ እንዳለበት የሚታወቅ፣ ነገር ግን የሚጠበቅና የሚወደድ ስፍራ ማለት ይህ ነው።

የእኛም ከተማ ይህን ትምህርት የምትሻበት ስፍራ አላት። በአዲስ አበባ ቆሼ በተባለው የቆሻሻ መጣያ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓመተ ምሕረት ክምሩ ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎች መሞታቸውን ማንም አልረሳውም። የቆሻሻ ክምር በሽታው ከጋዝ ፋብሪካ ይለያል፤ ሲበሰብስ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል፣ ጥቍር ውሃ ያነጥባል፣ ለብዙ ዓመታትም ይሰምጣል። በኒውዮርክ ፍሬሽ ኪልስ የሚባለው መጣያ በ1948 ተጀምሮ በ2001 ዓመት ተዘጋ፤ ጋዙ በቧንቧ እየተሰበሰበ፣ ክምሩም ለብሶ፣ ከውስጠኛው ክፍል የመጀመሪያው ለሕዝብ የተከፈተው በ2023 ዓመት ነው።

አንድ ቀን በቆሼ ላይ ዛፍ ይተከል የሚል አሳብ የመጣ እንደ ሆነ፣ አስቀድሞ ጋዙና የሚያነጥበው ውሃ ቢለካ፣ የክምሩም ጽናት ቢመረመር፣ የተገኘውም ውጤት የአካባቢው ሰው በሚያነበው አማርኛ ተጽፎ በወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ፣ ለከተማው አስተዳደር ከባድ ወጪ አይሆንበትም።