ከወረዱ በኋላስ?

ሸማ ተራ የሚሠሩ ሦስት ወጣቶች በእቁብ ብር አንድ የኤሌክትሪክ ስኩተር ገዝተው በየተራ ይገለገሉበታል። አንደኛው ቀድሞ መድረሳ ያስተማርኩት ልጅ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ለልጆቼ ጨርቅ ልገዛ ብቅ ስል፣ «ኡስታዝ፣ እስቲ ይሞክሩት!» አለኝ። እንደ ሕፃን አማረኝና ቢስሚላህ ብዬ ወጣሁበት።

አነዳዱ ቀላል ነው። በአንድ እግር መሬቱን ገፋ ገፋ አድርገው ሲነሡ በአውራ ጣት ማፍጠኛውን ይጫናሉ። ነዳጅ አይጠይቅም፤ ጭስ የለውም። ነገር ግን ጎማው ትንሽ በመሆኑ እያንዳንዷ ጉድጓድ እስከ ጥርስ ትሰማለች። ድምፅም ስለሌለው፣ ጎንበስ ብሎ ቦንዳ የተሸከመ ሰው መምጣትዎን አያውቅም። ፈርቼ ወረድኩና ከአንድ ሱቅ በር አጠገብ አስደግፌው ጨርቅ ወደ መምረጡ ገባሁ።

ብዙም ሳይቆይ ሸክም ያጎበጣቸው አንድ አባት በጎማው ተደናቀፉ። ልጆቹ ደርሰው ባይደግፏቸው ኖሮ ከነቦንዳቸው ይወድቁ ነበር። ይቅርታ ስጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ መንገድ እኮ የሁላችን ነው» ብለውኝ አለፉ። እንቅፋትን ከመንገድ ማንሳት ሰደቃ ነው እያልኩ የማስተምረው እኔ፣ እንቅፋቱን በገዛ እጄ አኖርኩት!

በሸማ ተራ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ምሽት ተራው በእሳት ሲነድ፣ የመንገዱ ጥበት ለእሳት አደጋ መኪናዎች ትልቅ ፈተና ሆኖ ነበር። እዚያ አንድ ክንድ መንገድ የሰው ንብረት ያድናል።

ችግሩ በሰፊ ከተሞችም አለ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2017 የተጀመረው የኪራይ ስኩተር በስልክ ተከፍቶ በደቂቃ የሚከፈልበት ነው፤ ተጠቃሚው ሲጨርስ ካቆመበት ትቶት ይሄዳል። በፓሪስ ግን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 ሕዝቡ ተጠይቆ፣ ድምፅ ከሰጡት ከ100 ወደ 89 የሚጠጉት ኪራዩን ተቃወሙ። አንዱ ምሬት በእግረኛ መንገድ ላይ እየተጣለ መቅረቱ ነበር። በዚያው ዓመት መስከረም ኪራዩ ቆመ።

ልጆቹ ያን ዕለት ተመካክረው ደንብ አወጡ። ሸማ ተራ ውስጥ ስኩተሩ በእጅ ይገፋል እንጂ አይነዳም፤ ተራው የደረሰው ሱቅ ውስጥ ያስገባዋል፤ ባትሪው ከጨርቅ ርቆ፣ ሰው ባለበት ሰዓት ብቻ ይሞላል።

ውድ አንባብያን! የጋራ ዕቃ አያያዛችን የሚታወቀው ስንጠቀምበት ብቻ ነውን? ወርደን ትተነው ስንሄድስ?